የቶዮታ አምላኪ አትበሉን!

ስድብም እንደ ልብስ ፋሽን አለው። የሰሞኑ ፋሽን «የቶዮታ አምላኪ» የሚለው ነው። አስመጪው ይለዋል፤ በየስብሰባው አዳራሽ ከፊት ወንበር የሚኮፈሰው ሹም ይለዋል፤ ከትናንት ወዲያ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ጎረቤትም ገና የወንበሩን ላስቲክ ሳያነሳ ይለዋል። «የእኛ ሕዝብ እኮ አዲስ ነገር ይፈራል! ዓለም በኤሌክትሪክ ሲበር የእኛ ሰው ከቪትዝና ከኮሮላ ጋር ሙጭጭ ብሏል። ኋላ ቀር!»

እኔ ለዚህ ስድብ መልስ አለኝ። የአዲስ አበባ መኪና ገዢ ሞኝ አይደለም። የሚጠብቀው ሕግ፣ የሚክሰው ሻጭ፣ አቤት ሲል የሚሰማው ቢሮ ሲያጣ፣ ራሱን በራሱ ኢንሹራንስ ገባ። የዚያ ኢንሹራንስ ስም ቶዮታ ነው። መንግሥት ይህችን የድሃ ኢንሹራንስ በአንድ መግለጫ ቀድዶ ጣላት። በምትኳስ ምን ሰጠን? ባዶ እጅ! እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ጠቤ ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ሳይሆን ከዚህ ባዶ እጅ ጋር ነው።

ታማኝነቱ ከየት መጣ?

ሰው የሚነዳው ስም አምልኮ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ እስከ ዛሬ ድረስ በፊያት በሄደች ነበር። በንጉሡ ዘመን ፊያትና ቮልስዋገን የከተማዋ ጌጥ ነበሩ። ደርግ መጣና ላዳ ነገሠች። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ከፈረሰች በኋላ እንኳ ስንት ዓመት ታክሲ ሆና ቤተሰብ አስተዳደረች! ከዚያ ዲኤክስ፣ ከዚያ ኮሮላ፣ ከዚያ ቪትዝ መጣ። ለሚኒባሱም «ዶልፊን»፣ «አባዱላ» እያልን የቤት ስም አወጣንለት። የቤት ስም የሚወጣው ለቤተሰብ ነው።

ስለዚህ ይህ ሕዝብ ስንት ጊዜ መኪና ቀየረ? ደጋግሞ! አዲስ ነገር የሚፈራ ሰው እንዲህ አይቀያይርም። ታዲያ ሲቀያይር የሚከተለው አንድ ነገር አለ። «መለዋወጫዋ ሱማሌ ተራ ይገኛል ወይ? የሰፈሬ መካኒክ ይፈታታታል ወይ? የቸገረኝ ለት ይዣት ብወጣ በሳምንት ውስጥ ትሸጣለች ወይ?» ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሦስቱንም «አዎ» ብላ የመለሰች መኪና ንግሥት ትሆናለች። ላዳ በዘመኗ መለሰች። ቶዮታ ደግሞ ከሁሉም አብልጣ መለሰች።

ያልመለሰችው ምን እንደሆነች ደግሞ አይተናል። ሆላንድ ካር የሚባል ኩባንያ እዚሁ አገር «አባይ»፣ «ናኦሚ» እያለ መኪና ይገጣጥም ነበር። የሀገር ምርት ነው ተብሎ ስንቱ ደስ ብሎት ገዛ። ኩባንያው ግን ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ተዘጋ። ኩባንያው ሲሄድ መኪኖቹ ቀሩ፤ መለዋወጫ ፍለጋ የሚንከራተቱት ባለቤቶቻቸውም አብረው ቀሩ። ከዚህ በኋላ የአዲስ አበባ ሰው «የማላውቃትን መኪና አልገዛም» ቢል ምኑ ነው ኋላ ቀርነቱ? ተቃጥሎ የተማረ ሰው ነው!

አንድ ነገር እንጨምር። በሌላው አገር መኪና ከሻጩ በር ስትወጣ ዋጋዋ ይወርዳል። በእኛ አገር ብር እየወደቀ፣ ቀረጥ እየናረ ስለሄደ፣ ያገለገለች ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ኖራለች። ስለዚህ መኪና ለእኛ ሰው መጓጓዣ ብቻ ሆና አታውቅም። የባንክ ደብተሩ ናት። ዕቁብ ጥሎ፣ ከወንድም ተበድሮ፣ ከውጭ አገር እህቱ ደጅ ጠንቶ ይገዛታል። እናት ሲታመሙ ይሸጣታል። ልጅ ሲድር ይሸጣታል። እንግዲህ «ሰውየው ብራንድ ያመልካል» የምትሉ ጌቶች፣ ሰውየው የቆመላት የልጆቹ ጥሪት መሆኗን ዕወቁልን!

በመግለጫ የመጣ ሥልጣኔ

አሁን ወደ መንግሥት እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጣለ። የአሮጌ ቪትዝ በር በዚያው ተቀረቀረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ እንድትሆን ተወሰነ፤ ተገጣጥማ ለምትገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረባት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ ሰውን ማባበል ይባላል። ነገር ግን ማባበሉ አልበቃ አለና በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉን ለምክር ቤት ተናገሩ። ከዓለም አንደኛ ሆንን ተባለ። እልል! በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። መኪና ያሰበው ሰው ኪሱን ዳብሶ ቁጭ አለ።

የመንግሥትን ምክንያት አልክድም። ቤንዚን የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ የለንም። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሕዝቡ ከደመወዙ ቆርጦ፣ ቦንድ ገዝቶ የሠራው ግድብ ነው። በገዛ ውሃችን በመነ መኪናችንን ብናንቀሳቅስ የሚጠላ ማን ነው? ማደያ በር ላይ ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረ የታክሲ ሾፌር ከእኔ ይልቅ ይመሰክርላችኋል።

እንዲያውም ከነሱ በላይ ላሞግሳት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ከፍታው አይገደውም። ሽቅብ እንጦጦን ሲወጣ አያቃስትም፤ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ የፍሬኑን ጉልበት መልሶ ባትሪው ውስጥ ይከትታል። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ጭስ የለ። ለዚህች ከተማ የተፈጠረች መኪና ናት ማለት ይቻላል።

ታዲያ እንዲህ የምታምር ሙሽራ ለምን በጠለፋ ትመጣለች? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጆሮ የማይሰማው ሕመም

ያገለገለ መኪና ሲገዛ የእኛ ሰው የራሱ ምርመራ አለው። የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ይከፍታል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ጭሱን ያያል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች፤ ነጭ ሆኖ አልቆም ካለ ውሃ ይገባታል፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ታባክናለች። ከዚያ ሁለት ቃል ይናገራል፦ «ተው» ወይም «ግዛ»። ይህ እውቀት በትምህርት ቤት አልተሰጠም፤ በስንት ዓመት ግሪስ የተገኘ ነው።

አሁን ይህንኑ መካኒክ አንድ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ፊት አቁሙት። ምን ይሰማል? ምንም! ምን ያያል? ምንም! የመኪናዋ ዋነኛ ሀብት ከወለሉ ሥር የተዘረጋው ባትሪ ነው። ከመኪናዋ ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። በየጊዜው አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሙቀት ያስረጀዋል፤ ዘወትር ጢም ብሎ ተሞልቶ መዋልም ያስረጀዋል። ጤንነቱ የሚታወቀው ከመኪናዋ ኮምፒዩተር በሚያነብ መሣሪያ ብቻ ነው። አንዷ 95 በመቶ፣ ሌላዋ 75 በመቶ ጤንነት ኖሯቸው ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ደላላው ግን ለሁለቱም ያው አንድ ምላሱን ይዞ ይመጣል!

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ይቅር፤ የሸጠለትም ነጋዴ ስም ይቅር። አንድ ጊዜ ተሞልታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ተብሎ ገዛ። ቁጥሩ የመጣው ከቻይናው የመንገድ ፈተና ነው፤ ይህ ፈተና ደግሞ ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ መሆኑ በሙያው የታወቀ ነው። ሰውየው ይህን የነገረው የለም። ስክሪኗ የሚናገረው በቻይንኛ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀይ መብራት በራ፤ ምን እንደሚል የሚያነብለት አጣ። ሻጩ ዘንድ ሲሄድ «እኛ አስመጪ ነን፣ ፋብሪካ አይደለንም» አሉት። ወደ ሰፈሩ ጋራዥ ሲወስዳት መካኒኩ ሽሽት ጀመረ። መካኒኩ እውነቱን ነው! የእነዚህ መኪኖች ባትሪ 400 ቮልት ገደማ ይይዛል። ያልሠለጠነ እጅ ከገባበት ይገድላል። የሱማሌ ተራውን ልጅ ማን አሠለጠነው? ጓንቱንስ ማን ሰጠው?

ዋስትናዋ ጂቡቲ ላይ ስትወርድ

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ቻይና ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ቻይናዊ፣ ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 120,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና መንግሥቱ በደንብ አስከብሮለታል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ገዢዎች ከአብዛኞቹ ፋብሪካዎች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ፤ ባትሪው ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ፋብሪካው ይጠግናል ወይም ይቀይራል። ያችው መኪና፣ ያው ባትሪ፣ በመርከብ ተጭኖ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ምን ይሆናል? ዋስትናዋ ጂቡቲ ወደብ ላይ ይወርድና መኪናዋ ብቻዋን ወደ አዲስ አበባ ትቀጥላለች!

ጎዳናችንን የሞላችውን የቮልስዋገን አይዲ 6 ተመልከቱ። ፋብሪካው ለቻይና ገበያ ብቻ ብሎ የሠራት መኪና ናት። በነጋዴ እጅ ዞራ እኛ ዘንድ ደረሰች። ስሟ ጀርመን፣ ትውልዷ ቻይና፣ ሕመሟ ኢትዮጵያዊ! «ቮልስዋገን ነው» ብሎ የገዛ ሰው የገዛው ምልክቱን ነው፤ ከምልክቱ ጀርባ መቆም የሚገባው ፋብሪካ ግን ለዚህች መኪና እዚህ አገር ፊርማ አላኖረም። እውነተኛውን የብራንድ አምልኮ ማየት ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፤ ከቪትዙ ባለቤት ዘንድ አትፈልጉት።

«ሕግ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ሞልቷል! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ወረቀቱ ያምራል። ነገር ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነ ነገሩ። የትኛው ሹም ነው አንድ የመኪና መሸጫ ገብቶ «የዚህች ባትሪ ጤንነት የምስክር ወረቀት የታለ?» ብሎ የጠየቀው? ቀረጥ ለመሰብሰብ ኮምፒዩተር የተገዛለት መንግሥት፣ ባትሪ ለመመርመር መሣሪያ አጣ?

ኃይል መሙያውን ደግሞ አንርሳ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተራ የቤት ሶኬት፣ በ2 ኪሎ ዋት፣ ከባዶ ተነሥቶ ለመሙላት 30 ሰዓት ይፈጃል። በ7 ኪሎ ዋት መሙያ 9 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ግቢ ያለው ሰው ይህን ያስገጥማል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውስ? ገመድ በመስኮት ይጣል? መብራት ሲጠፋስ? የቻይናው መሰኪያ ጂቢ/ቲ ይባላል፤ የአውሮፓው ደግሞ ሲሲኤስ 2። አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ሁለቱም ዓይነት መኪና እየገባ ነው። «አንዱን መርጠን ለአገሩ አንድ እናድርገው» ማለት ያለበት ማን ነበር? እኔ?

ትልቁ ቶዮታ አምላኪ ማን ነው?

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አንድ ባለሥልጣን ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ በምን ይሄዳል? በአጀብ የሚከንፈው ምንድን ነው? ላንድክሩዘር! ናፍጣ የሚጠጣ ላንድክሩዘር! ማነው ፋብሪካው? ቶዮታ!

«መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፣ መሀል መንገድ ላይ አያስቀርም» ይሉናል። በጣም ትክክል! ታዲያ ይህ የቪትዙ ባለቤት ከሚለው በምን ይለያል? ቃል በቃል ያው ነው! ሹሙ ሲናገረው «የአሠራር አስፈላጊነት» ይባላል፤ ድሃው ሲናገረው «አምልኮ» ይባላል። ሹሙ መሀል መንገድ ላይ ቢቀር በስልክ ሌላ መኪና ይመጣለታል። ድሃው ቢቀር የሚመጣለት ዝናብ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚገባው የቱ ነው?

«ኖርዌይን እዩ» የሚል ምሁርም አይጠፋም። እንያት! እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያ አገር ከተሸጡት አዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ነገር ግን ኖርዌይ ለኤሌክትሪክ መኪና ታክስ ማንሣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከ30 ዓመት በላይ አባበለች፤ መሙያ በየመንገዱ ተከለች፤ ዋስትናውን አስከበረች። ሕዝቧን በመግለጫ አልጠለፈችም። እኛ መጨረሻዋን ገጽ ገልጠን አንብበን መጽሐፉን ጨረስን አልን።

የምንጠይቀው ይህን ነው

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ማንኛዋም ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ጉምሩክን ስታልፍ የባትሪዋ ጤንነት በመቶኛ ተለክቶ በአማርኛ ይጻፍ፤ ከሊብሬዋ ጋር ይያያዝ፤ በተሸጠች ቁጥር ይታደስ። ለቦሎ በየዓመቱ የምትመረመር መኪና ባትሪዋስ ለምን አይመረመርም?

ሁለተኛ፣ አስመጪ የሆነ ሁሉ ለባትሪው ዋስትና ይፈርም። ለቻይናዊው የተሰጠው 8 ዓመት ለኢትዮጵያዊው የማይሰጥበት ምክንያት ይነገረን። የማይፈርም አስመጪ ፈቃዱ ይነጠቅ።

ሦስተኛ፣ መለዋወጫ ያላስገባ መኪና አያስገባ። አራተኛ፣ መሰኪያው ለአገሩ አንድ ይሁን። አምስተኛ፣ የሱማሌ ተራና የየሰፈሩ መካኒክ ይሠልጥን። ይህን ሁሉ ዓመት ያለ መንግሥት ድጎማ የአገሪቱን መኪና ያቆመው እሱ ነው፤ ያለ እሱ አንድም የኤሌክትሪክ መኪና 10 ዓመት አትሄድም።

ስድስተኛውን ለክቡራን ሹማምንት ትቼዋለሁ። እስቲ እናንተ ቅደሙ! ላንድክሩዘሩን አቁማችሁ በኤሌክትሪክ መኪና ደሴ ድረስ ሂዱና 400 ኪሎ ሜትሩን ቆጥራችሁ ተመለሱ። መንገድ ላይ መሙያ የጎደለበትን ቦታ ያን ጊዜ ያለ ጥናት ታውቁታላችሁ፤ መሙያውም በወሩ ይተከላል።

ለገዢውም ቃል አለኝ፤ እሱንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ «ተሻሽላለች፣ ሁሉም እየገዛ ነው» በሚል ወሬ ብቻ ጥሪታችሁን አትበትኑ። ቀለሙንና የስክሪኑን ስፋት አይታችሁ አትሸነፉ። የባትሪ ጤንነት ወረቀት ጠይቁ። ዋስትናውን በጽሑፍ፣ በማኅተም ጠይቁ። «ብትበላሽ የሚሠራት ማነው? አድራሻውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱን ያልመለሰ ሻጭ ምንም ያህል ቢስቅላችሁ ጥላችሁ ውጡ። አሮጌው ሦስት ጥያቄ ለላዳም፣ ለኮሮላም ሠርቷል፤ ለኤሌክትሪክም ይሠራል።

እነዚህን ጥያቄዎች «አዎ» ብላ የምትመልስ የኤሌክትሪክ መኪና የመጣች ዕለት፣ ማንም ሳያስገድደው ይህ ሕዝብ ቪትዙን ሸጦ ይገዛታል። የቤት ስምም ያወጣላታል። እስከዚያ ድረስ ግን ዋስትና ነፍጋችሁን ስታበቁ፣ ዋስትና የፈለግነውን ሰዎች «አምላኪ» እያላችሁ አትስደቡን!